ንቁ እሳተ ገሞራን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ፎቶግራፍ ማንሳት፦ የሰማዩንና የላቫውን ብርሃን እንዴት ላስማማ?

ጥያቄ፦ አመሻሽ

ሰላም ለሁላችሁም። በአስጎብኚ ከሚመራ ቡድን ጋር ወደ አንድ ንቁ እሳተ ገሞራ ልጓዝ ነው። ለፎቶግራፍ እንግዳ አይደለሁም፤ መልክዓ ምድርንና የከተማ የማታ መብራትን አዘውትሬ አነሣለሁ። ነገር ግን ራሱ ብርሃን እያመነጨ የሚንቀሳቀስ፣ የሚያጨስና ሰውን ሊጎዳ የሚችል ነገር ፊት ለፊት ቆሜ አንስቼ አላውቅም። ቡድኑ ከአፋፉ የሚደርሰው ጀንበር ከመጥለቋ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ የሚመለሰው ከጨለመ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያለኝ አንድ ምሽት ብቻ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ከማያቸው የእሳተ ገሞራ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ከሁለት አንዱ ጉድለት አለባቸው፦ ወይ ላቫው ዝርዝሩ ጠፍቶ ቢጫና ነጭ እድፍ ይሆናል፤ ወይ ላቫው በደንብ ወጥቶ ተራራው፣ ጭሱና ሰማዩ በጥቁር ይዋጣሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ የተራራው ገጽ ይለያል፣ ላቫውም ከነስንጥቁ ይታያል። ይህ የሚገኘው ከሰዓቱ ነው፣ ከካሜራው አሰነዳድ ነው ወይስ በኋላ በኮምፒውተር ከሚሠራው ሥራ?

የያዝኩት ሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ 24–70 እና 70–200 ሚሊ ሜትር ሌንሶች፣ መካከለኛ ክብደት ያለው ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) እና የርቀት መልቀቂያ (ካሜራውን ሳይነኩ የሚያነሡበት) ነው። ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) በምን ያህል ፍጥነት ልጀምር? ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ለካሜራው ልተወው? ወደ አፋፉስ እስከ ምን ድረስ መጠጋት ይገባል? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ሰማይ ጠባቂ

መልሱ በአብዛኛው ሰዓቱ ነው። ካሜራውም ኮምፒውተሩም የሚያግዙት ሰዓቱን ያገኘን ሰው ነው።

ከብርሃኑ ባሕርይ ልጀምር። ከምድር ውስጥ አሁን የወጣ የባዛልት ላቫ ሙቀቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቀት ወደ ቢጫ ያዘነበለ ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል። ገጹ እየቀዘቀዘ ቅርፊት ሲያበጅ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መጠን ላይ ሲደርስ ደግሞ ዓይን በጨለማ ካልሆነ ወደማይለየው ደብዛዛ ቀይ ይወርዳል። ይህ ብርሃን ከቀኑ በ8 ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ በ2 ሰዓት ያው ነው፤ ቀን የማናየው ፀሐይ ስለምትበልጠው ብቻ ነው። የሚለወጠው ሰማዩ ነው። ጀንበር በምትጠልቅበት ቅጽበት መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 400 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ ፀሐይዋ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ ስትደርስ ግን 3 ሉክስ ያህል ብቻ ይቀራል። ይህ በእኛ በፎቶ አንሺዎች አቆጣጠር ሰባት ስቶፕ ገደማ ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ወይም እጥፍ መሆኑ ነው)። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ወደ አድማሱ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል፤ የሰማዩ ብርሃን በየሦስት ደቂቃ ተኩል ያህሉ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ወደ ዋልታዎቹ በቀረቡ መጠን ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ስለምትጠልቅ ድንግዝግዙ ይረዝማል፤ በአይስላንድ በሰኔ ወር ሌሊቱን ሙሉ ሳይጨልም ያድራል፣ እዚያ ያለ ፎቶ አንሺ ችግሩ የጊዜ ማጠር ሳይሆን የጨለማ ማጣት ነው።

እንግዲህ ላቫው ባለበት ይቆያል፣ ሰማዩ ወደ እሱ ይወርዳል። ይህን ከያዙ የቀረው ቀላል ነው፦ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ለላቫው ይወስኑና ሰማዩን ይጠብቁ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው፤ ካሜራውን በአውቶማቲክ ይተወዋል፣ ካሜራውም ሰማዩ በጨለመ ቁጥር ብርሃን እየጨመረ ሲከተል ላቫውን ያቃጥለዋል (በብርሃን ብዛት ዝርዝሩን ያጠፋዋል)። ያዩዋቸው ቢጫ እድፎች የሚመጡት ከዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀንበር እንደጠለቀች ካሜራውን ማኑዋል (በእጅ ማስተካከያ) ላይ አድርገው ላቫው የሚደምቅበትን ቦታ ብቻ በማየት የሙከራ ፍሬም ያንሱ። የሚያዩት ሂስቶግራም (የብርሃን ስርጭት ግራፍ፤ ቀኝ ዳሩ የደማቁ ጫፍ ነው) ግን ነጠላው ሳይሆን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ የሚታዩበት ይሁን። ነጠላው ሂስቶግራም ክብደቱን በአብዛኛው ከአረንጓዴው ስለሚወስድ፣ ቀዩ ከዳር አልፎ ፈስሶም እንኳን ሁሉ ደህና መስሎ ይታያል። የላቫ ብርሃን በአብዛኛው ቀይና ከዓይን የተሰወረ ኢንፍራሬድ በመሆኑ ከሦስቱ አስቀድሞ የሚሞላው ቀዩ ነው። ቀዩ ከሞላ በኋላ ብርሃን ቢጨምሩ አረንጓዴው ብቻ እየደረሰበት ይመጣል፣ ቀይና አረንጓዴ ሲገናኙ ደግሞ ቢጫ ይሆናሉ። ስለዚህ የቀዩ ጫፍ ከቀኙ ዳር ትንሽ ቀረት እስኪል ብርሃኑን ይቀንሱ። የእሳተ ገሞራው አፍ እምብርት ጥቂት ቢቃጠል ግን ግድ የለም፤ ዓይንም ራሱ እዚያ ላይ ዝርዝር አያይም።

ይህን ከወሰኑ በኋላ ይቆዩ። መጀመሪያ ሰማዩ ገርጥቶ ወይም ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቀጥሎ ፈዛዛ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ የሚፈልጉት ጥልቅ ሰማያዊ ይመጣና ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ በመጨረሻም ይጠቁራል። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሌንስ መቀየር፣ ባትሪ መፈለግ ወይም ከጓደኛ ጋር መጨዋወት የለም። ወደ ምዕራብ የሚያነሡ ከሆነ የጀንበሯ ወጋገን ከጭሱ ጀርባ ስለሚቀር ሰማዩ ዘግይቶ ይጨልማል፣ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ግን ፈጥኖ ይጠቁራል፤ የት እንደሚቆሙ ሲመርጡ ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

ዋይት ባላንሱን በፍጹም ለካሜራው አይተዉት። ካሜራው ፍሬሙ በብርቱካናማ ሲሞላ “ስሕተት ነው” ብሎ ሊያርመው ይሞክራል፤ ላቫው ይገረጣል፣ ሰማዩም በየፍሬሙ የተለያየ ይሆናል። 5,000 ወይም 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ላይ ያስሩት። “ጥሬ ፋይል (ካሜራው ያላቀነባበረው ምስል) ስለማነሣ በኋላ አስተካክለዋለሁ” የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን በካሜራው ጀርባ የሚያዩት ሂስቶግራም የሚሰላው ዋይት ባላንሱ ከገባበት የጄፔግ ቅድመ እይታ ስለሆነ፣ ዋይት ባላንሱ ከተዘባረቀ የቀዩን መሙላት የሚነግርዎትም ሂስቶግራም አብሮ ይዘባረቃል።

መልስ፦ ጥቁር አለት

ሰማይ ጠባቂ ያሉት ለላቫ ሐይቅና ቀስ ብሎ ለሚፈስ ላቫ ልክ ነው። ላቫውን ወደ ላይ እየተኮሰ ለሚያፈነዳ እሳተ ገሞራ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ፍንዳታው ከመምጣቱ በፊት የሚለካ ነገር የለም። ጠያቂው የሚሄዱበት ቦታ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አልገለጹልንም፤ ይህንን ግን ከሁሉ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ሐይቅ አለ ተብሎ የተኬደበት ቦታ ላይ ሐይቁ ላይኖር እንደሚችልም ያስታውሱ። በቫኑአቱ የአምብሪም ሐይቆች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ፈስሰው ጠፉ፤ በኮንጎ የኒራጎንጎው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በአንድ ምሽት ወረደ፤ የእኛው ኤርታ አሌም እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጀመሪያ ገንፍሎ ከዚያ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ሲከፈት የሐይቁ ከፍታ ዝቅ ብሏል። በኢንተርኔት የሚዞረው ፎቶግራፍ ዛሬ ያለውን አያሳይም።

ወደ ሚፈነዳው ልመለስ። ተኩሱ በጨለማ ውስጥ የሚያሰምረው የእሳት ቅስት የሚያምረው ሸተሩ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው። ምን ያህል ጊዜ? ይህ በግምት የሚመለስ ሳይሆን በሒሳብ የሚመለስ ጥያቄ ነው። 100 ሜትር ወደ ላይ የተወረወረ የላቫ ቁራጭ ጫፍ ላይ ለመድረስ 4.5 ሰከንድ፣ ለመውረድም ያንኑ ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ ሙሉውን ቅስት ለመያዝ 9 ሰከንድ ያስፈልጋል። ከፍታው 25 ሜትር ከሆነ ግማሹ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፍንዳታዎች ሳያነሡ በሰዓት ብቻ ይለኩ፤ የምሽቱን የሸተር ጊዜ ያገኙታል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልናገር። የሚበርረው ቁራጭ በሴንሰሩ (ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ለቅጽበት ነው፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ነጥብ ያልፋል። ስለዚህ ሸተሩ 4 ሰከንድም ይሁን 10 ሰከንድ ቢከፈት የቅስቱ ድምቀት አይለወጥም። ድምቀቱን የሚወስኑት አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ናቸው። ሰማዩና የተራራው ገጽ ግን ባሉበት ስለሚቆሙ ሸተሩ በረዘመ ቁጥር እየደመቁ ይሄዳሉ። ይህ ማለት በእጅዎ ሁለት የተለያዩ መቆጣጠሪያዎች አሉ ማለት ነው፦ እሳቱን በአፐርቸርና በአይኤስኦ፣ ሰማዩን በሸተር። ሰማይ ጠባቂ “ጥቂት ደቂቃዎች” ያሉት ጊዜ ለሚፈነዳ እሳተ ገሞራ የሚራዘመው በዚህ ነው፤ ሰማዩ ሲጨልም ሸተሩን ከ2 ሰከንድ ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8 እያስረዘሙ ቢከተሉት ቅስቶቹ ሳይቃጠሉ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። ወሰኑ አፉ ራሱ ነው፤ ዘወትር የሚደምቅ ቀዳዳ ካለ እሱ ባለበት ስለሚቆም ሸተሩ ሲረዝም ይቃጠላል። እንዲህ ከሆነ አፉ በጠርዙ የሚከለልበትን፣ የሚታየው ወደ ላይ የሚወጣው ብቻ የሚሆንበትን ቦታ ይምረጡ።

በጣሊያን ስትሮምቦሊ ላይ በመደበኛው ጊዜ ፍንዳታው በየ10 እስከ 20 ደቂቃው የሚመጣ ሲሆን ቅድመ ምልክት አይሰጥም። ድምፁን ሰምቶ ሸተር የሚጫን ሰው የቅስቱን መጀመሪያ አጥቷል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጓዘው። መፍትሔው መልቀቂያውን ቆልፎ ፍሬም በፍሬም ላይ ሳያቋርጡ ማንሳትና ባዶዎቹን በኋላ መሰረዝ ነው። ካሜራው ለረጅም ኤክስፖዠር የሚያደርገውን የኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚታዩ የተዛቡ ነጥቦች) ቅነሳ ያጥፉት፤ አለበለዚያ ከእያንዳንዱ ፍሬም በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፣ ትልቁ ፍንዳታም የሚመጣው ያኔ ነው።

ለሚፈስ ላቫ ሸተሩ ከ1/60 እስከ 1/250 ሰከንድ ቢሆን የቅርፊቱ ስንጥቆች ጥርት ብለው ይወጣሉ። ለላቫ ፏፏቴ ምርጫው የራስዎ ነው፤ እኔ በ1/500 ሰከንድ የቆመውን ጠብታ እመርጣለሁ፣ የተዘረጋውን ክር የሚወዱም አሉ። ከጀልባ ላይ ሆኖ ለሚያነሣ ደግሞ ትሪፖድ ከንቱ ነው፤ አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ አጭር ሸተር መጠቀም ብቻ ይቀራል።

ፎከስን በብርሃን ይጨርሱት። የአፉን ጠርዝ በስክሪኑ አጉልተው ካስተካከሉ በኋላ ወደ ማኑዋል ይመልሱት፤ አውቶፎከስ ጭስ ባለፈ ቁጥር ይዋልላል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ሌንሱ ጥቂት ስለሚዛወር ከጨለመ በኋላ አንድ ጊዜ ደግመው ይፈትሹ። በ200 ሚሊ ሜትር ሲያነሡ ከላቫው የሚነሣው የሞቀ አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ይህን የሚያስተካክል ሌንስም ዋጋም የለም። አጫጭር ፍሬሞችን በብዛት ማንሳትና ጥርት ያለውን መምረጥ፣ ከተቻለም ነፋሱ ሞቃቱን አየር ወደ ሌላ በሚወስድበት በኩል መቆም ይረዳል።

መልስ፦ ነፋስ አንባቢ

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ጠያቂው በመጨረሻ ያነሡትን “እስከ ምን ድረስ መጠጋት ይገባል?” የሚለውን ግን ማንም አልመለሰውም። እኔ በዚህ ላይ ብቻ ልቆይ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1991 በጃፓን የኡንዜን ተራራ ላይ 43 ሰዎች ሞተዋል። ከእነርሱ መካከል በርካታ ጋዜጠኞችና ካሜራ ያዦች ነበሩ፤ የፈረንሳይ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎችና ፎቶ አንሺዎች የነበሩት ባልና ሚስቱ ሞሪስና ካቲያ ክራፍት፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪ ግሊከንም ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ጋዜጠኞቹ የተሰበሰቡት ሰዎች እንዲለቁት ከታዘዘው ክልል ውስጥ፣ የሚወርደው የጋለ አመድና ጋዝ ፊት ለፊት በሚታይበት ምቹ ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት የወረዱት ፍሰቶች አነስ ያሉ ስለነበሩ ሳይደርሱባቸው ቀርተዋል፤ የዚያን ቀኑ ግን ደረሰ። ይህን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። ከክራፍቶቹ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው በዚህ ውይይት ውስጥ ስለሌለና “እስከ አሁን አልደረሰም” የሚለው ስሌት እነርሱንም ስላላዳናቸው ነው።

ስለዚህ የርቀቱን ጥያቄ የሚመልሰው ሌንስዎ አይደለም። አካባቢውን የሚከታተለው ተቋም ያሰመረው ወሰንና የአስጎብኚው ቃል ነው። በስትሮምቦሊ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2019 ከደረሰው ኃይለኛ ፍንዳታ በኋላ ወደ ጫፉ መውጣት ተከልክሏል፤ ያኔ አንድ ሰው ሞቷል። የማስጠንቀቂያው ደረጃ ዝቅተኛ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የጃፓኑ ኦንታኬ እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2014 ሲፈነዳ ደረጃው ዝቅተኛው ላይ ነበር፤ 63 ሰዎች ሞተው ወይም ጠፍተው ቀርተዋል። ላቫ ወደ ባሕር ሲገባ ማንሳት የሚመኙም ብዙዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 በሃዋይ ውሃውና ላቫው ተገናኝተው በፈጠሩት ፍንዳታ የተወረወረ አለት የአንድ የጎብኚዎች ጀልባ ጣሪያ ቀድዶ 23 ሰዎች ተጎድተዋል። ከዚያ የሚነሣው ነጭ እንፋሎትም የሃይድሮክሎሪክ አሲድና የደቀቀ ብርጭቆ ቅልቅል ነው።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። ጥሩ ፎቶግራፍ የሚገኘውም ጤናማ አየር የሚገኘውም ከአንድ ቦታ በመሆኑ እዚህ ላይ ጥበብና ጥንቃቄ አይጣሉም፦ ነፋሱ ከኋላዎ ወደ አፉ ሲነፍስ ጭሱ ከእርስዎ ይርቃል፣ ላቫውም ይገለጣል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ አስም ላለበት ሰው ትንሹም ብዙ ነው። እርጥብ ጨርቅ አመዱን ጥቂት ይይዝ ይሆናል፣ ጋዙን ግን አያቆምም፤ የሚያስፈልገው ለአሲድ ጋዝ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ያለው፣ ከፊት ጋር የሚገጥም ጭንብል ነው። ጢም ካለ አይገጥምም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ በሌለበት ምሽት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ትሪፖዱን ዝቅ አድርጎ ለማንሳት ተብሎ ጎድጓዳ ውስጥ መውረድና መንበርከክ የማልመክረው ለዚህ ነው።

ከአፋፉ ጠርዝ ላይም አይቁሙ። ከላይ ጠንካራ የሚመስለው ጠርዝ ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል፣ ያን የሚያውቁት ከታች ሆኖ ያየው ብቻ ናቸው። ራስ ቁር ያድርጉ። የላቫ ቁራጭ ወደ እርስዎ ቢወረወር ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ ሳይሆን ቀና ብሎ እያዩ ከመውደቂያው ዞር ማለት ነው የሚያድነው፤ ዓይኑን በካሜራው ላይ የተከለ ሰው ደግሞ ይህን ማድረግ አይችልም። ጥቁር አለት የመከሩት የተቆለፈ መልቀቂያ በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ካሜራው ሲያነሣ እርስዎ ወደ ላይ ያያሉ።

መመለሻውን በተመለከተ አጭር ነው፦ ሁለት የራስ ባትሪ ይያዙ፣ አንዱ ቀይ ብርሃን ያለው ቢሆን በሥራ ጊዜ ዓይንዎን አያደነግዝም፤ መንገዱንም ገና ብርሃን ሳለ ወደ ኋላ እየዞሩ ያጥኑት።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ አመሻሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አስጎብኚውን ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ የምንሄድበት በየጊዜው የሚፈነዳው ዓይነት ነው፣ የምንቆመውም ከአፉ ራቅ ባለ የተፈቀደ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛ፣ ለተራራው ገና ብርሃን ሳለ አንድ ፍሬም፣ ለእሳቱ ሲጨልም ሌላ ፍሬም አንስቶ በኋላ ማዋሃድ ተገቢ ነው ትላላችሁ? ሁለተኛ፣ ሰማዩ አስቀድሞ ቢጠቁርብኝ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ጥሬ ምስል

ማዋሃድ ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ትሪፖዱ ካልተነቃነቀ ሁለቱ ፍሬሞች ይገጥማሉ። የሚያስቸግረው ጭሱ ነው። በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ያለው ጭስ የቀን ብርሃን ያረፈበት ግራጫ ነው፣ በሁለተኛው ላይ ያለው ደግሞ ከሥሩ በላቫው የበራ ቀይ ነው፤ ቅርጻቸውም የተለያየ ነው። እነዚህን ሲያገናኙ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደማይገጥም ይሰማዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ የላቫው ቀይ ብርሃን በተራራው ገጽና በጭሱ ሆድ ላይ የሚያርፈው ሲጨልም ነው፤ የቀኑን ተራራ ከማታው እሳት ጋር ሲያጋቡ እሳቱ ያለበትን ስፍራ የማያበራ እሳት ይሆናል። ስለዚህ ማዋሃድ ካለብዎ የፍሬሞቹ ልዩነት ከጥቂት ደቂቃዎች አይለፍ።

ከአንድ ቦታ የተነሡ ተከታታይ ፍንዳታዎችን በአንድ ምስል መደራረብም አለ። ውጤቱ ያምራል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ያልሆነን ፍንዳታ ስለሚያሳይ ሥዕሉን ሲያቀርቡ እንዲህ መሠራቱን ይጻፉ። ለዜና ወይም ለሳይንስ ሥራ ከሆነ ጨርሶ አይሆንም፤ ሰዎች የፍንዳታውን መጠን የሚገምቱት ከምስሉ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ መላው ጨረቃ ናት። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ጀንበር በምትጠልቅበት ሰዓት ግድም ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ ከምሥራቅ ከፍ ብላ ትገኛለች። ወደ ምዕራብ እያነሡ ከሆነ ከጀርባዎ ሆና የተራራውን ገጽ ታበራልዎታለች። ብርሃኗ ከአንድ ሉክስ ሩብ የማይበልጥ ስለሆነ ሸተሩ እስከ 20 እና 30 ሰከንድ ሊረዝም ይችላል፤ ጥቁር አለት እንዳስረዱት ይህ ቅስቶቹን አያቃጥላቸውም። የጉዞው ቀን በእጅዎ ከሆነ የጨረቃን አቆጣጠር አይተው ይወስኑ።

መልስ፦ ሰማይ ጠባቂ

በማዋሃዱ ላይ ከጥሬ ምስል ጥቂት እለያለሁ። “የጥቂት ደቂቃ ልዩነት” ከተባለ በዚያው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ በአንድ ፍሬም ማንሳት ይቻል ነበር። ይህ ጠያቂ ያላቸው አንድ ምሽት ነው፤ ሐሳባቸውን ለሁለት ፍሬም ከከፈሉት አንዱንም በሚገባ ላያነሡ ይችላሉ። ይልቁንስ ከአንዱ ጥሬ ፋይል ጨለማውን ክፍል ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ የዛሬ ሴንሰሮች በዝቅተኛ አይኤስኦ ሁለት ሦስት ስቶፕ ያለ ብዙ ጉዳት ይመልሳሉ። የጠፋው ጥቁር ይመለሳል፣ የተቃጠለው ቀይ ግን አይመለስም።

ስለ ጨረቃዋ ያሉት ግን ትክክል ነው፤ እኔ መጥቀስ ነበረብኝ።

መልስ፦ ጥቁር አለት

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ፣ እሱም ዕቃው ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ የእንጨት አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ብርጭቆና ማዕድን ነው። ሌንስ ላይ ሲያርፍ በጨርቅ ከጠረጉት ይቧጭረዋል፤ በእጅ በሚጨመቅ ማናፈሻ እፍ ብለው ያስወግዱት፣ በአፍዎ ግን አይሁን፣ ምራቅ ከአመዱ ጋር ይጣበቃል። ከአፋፉ ላይ ሌንስ አይቀይሩ። ለዚህ ምሽት የሚሻልዎ 70–200 ስለሆነ እሱን ገጥመው ይውጡ፤ ሰፊ ፍሬም ካማረዎ በሁለተኛ ካሜራ ወይም በስልክዎ ያንሱት። በስልክ ሲያነሡ እሳቱ ላይ ጣትዎን አስረዝመው ይጫኑ፣ ብርሃኑን ቆልፈው ዝቅ ያድርጉት፤ የማታ ሁናቴውን ግን ያጥፉት፣ ብዙ ፍሬሞችን ስለሚያዋሕድ የሚበርሩትን ቁራጮች ያደበዝዛቸዋል።

ሌንሱን ለመጠበቅ ፊቱ ላይ ግልጽ ማጣሪያ የሚገጥሙ ሰዎች አሉ፤ አመዱ በሚወርድበት ሰዓት ጥሩ ነው። ነገር ግን በጨለማ ውስጥ ደማቅ ነጥብ ሲያነሡ ማጣሪያው ብርሃኑን መልሶ እያንጸባረቀ በሰማዩ ላይ የሌለ ሁለተኛ እሳት ያሳያል። አየሩ ንጹሕ ከሆነ ለማንሳት ሲጀምሩ ያውልቁት።

ትሪፖዱን በተመለከተ መካከለኛውን ዘንግ አይዘርጉ፣ ቦርሳዎን ከሥሩ ሲሰቅሉም መሬቱን ይንካ፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ነፋሱ እያወዛወዘ ትሪፖዱን ይንጠዋል። በሌንሱ ላይ ያለውን የንዝረት መከላከያ ያጥፉ። ከተመለሱ በኋላ በዚያው ሌሊት የሌንሱንና የካሜራውን ውጫዊ አካል በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ያብሱ፣ የትሪፖዱንም እግሮች አውጥተው ይጠቡ፤ ጋዙ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚሆን፣ ካደረ ብረቱንም የሌንሱን ሽፋንም ይበላዋል።